የበሽታሽ ስም ማን ይባላል?

ባለፈው ማክሰኞ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ልጅ በራችንን አንኳኩታ ገባች። ወንበር ሰጠኋት፣ ተቀመጠች። ከዚያ ልጄ፣ የአርባ ዓመት ሰውዬ፣ አጠገቤ ቁጭ ባለበት ዓይን ዓይኔን እያየች "እማማ፣ በወጣትነትዎ የወር አበባ ሲመጣ ያምዎት ነበር?" አለችኝ። እኔ ክው! ልጄ ደግሞ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ማንም ያልደወለለትን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም" እያለ ወደ ውጭ ሸሸ። የማርያም ያለህ! ይህን ያህል ዘመን ስኖር፣ መንግሥት በመንግሥት ላይ ሲለዋወጥ ሳይ፣ ይህን ቃል ወንድ ባለበት ቤት ሰው ሲያወጣው የሰማሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም እንዲህ በደህና ቀን አልነበረም።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" አልኳት ልቤ መለስ ሲልልኝ።

"የሮቤ ልጅ ነኝ እማማ። የባሌው ሳይሆን የኛው፣ የአርሲው።"

"እናትሽ እንዲህ ስትናገሪ ሰምታሽ ታውቃለች?"

ሳቀች። "እናቴንም ጠይቄያታለሁ። እሷም ልክ እንደ እርስዎ ነው የደነገጠችው።"

የሕክምና ተማሪ ናት። የወር አበባ ሕመም ስለሚጠናባቸውና ልጅ መውለድ ስለሚቸገሩ ሴቶች ጥናት እየሠራን ነው አለችኝ። ነገሩ በዘር ይወርድ እንደሆነ ለማወቅ ትልልቅ እናቶችንም ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፤ ስም አይጻፍም፤ መመለስ ያልፈለገ ይለፈኝ ማለት ይችላል። አነጋገሯ ደስ አለኝ። እኔን እንደሆነ አሞኝ አያውቅም፣ እንደ ፍየል ስዘል ነው ያደግሁት፤ ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ግን አልለቀቀችኝም። "በቤተሰብዎስ? በዚህ ሕመም ምክንያት ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከስብሰባ የቀረች ሴት ትኖራለች?"

ከስብሰባ አለች እኮ! በጓዳ በኩል የልብስ ስፌት መኪና ሲንኳኳ ነበር፤ ቀጥ አለ። ታላቅ እህቴ ጽጌ ናት እዚያ የምትሠራው። እድሜዋ ሰባውን አልፎም የሰፈሩን የትምህርት ቤት ልብስ ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። የመኪናው ድምፅ ሲቆም እኔም አፌን ያዝኩ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ የለሁም፣ ያ የገብስ ሽታ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ነኝ።

ያኔ አሰላ አንድ ዳገት መንገድ ማለት ነበረች። ከታች ከአውቶቡስ ተራው ተነስተሽ፣ ባሕር ዛፉን ግራና ቀኝ እያየሽ፣ ጭላሎን ፊት ለፊት አድርገሽ ሽቅብ ትወጫለሽ፤ መንገዱ ሲያልቅ ከተማውም ያልቃል። ብርዱ እንደ ዛሬው የቀልድ ብርድ አልነበረም። የጋሪ ፈረሶች ከአፍንጫቸው ጭስ እየተፉ ያልፋሉ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፣ አምስት እንቁላል በስሙኒ ትገዢያለሽ። እህቴ መኪናዋን የዘረጋችው የመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። እሱ ጨርቁን ይሸጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ሴት ልብስ ሰፊ ያኔ ብርቅ ስለነበረች ሰው ሱሪ ለማስለካት ሳይሆን እሷን ለማየት ይመጣል ይባል ነበር። ውሸት አልነበረም! የቴትሮን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስታንጎራጉር ማን ዝም ብሎ ያልፋል? የከተማው ጎረምሳ በሙሉ ታችው እንደ መጥረጊያ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ያሰፋው እሷ ዘንድ ነው። በኋላ ጊዜው ሲለወጥ ቤልቦተሙ ቀረና ካኪ መጣ፤ ካኪውንም የሰፋችው እሷው ነች። ከፊት ለፊት ሻይ ቤቱ ቴፕ ይከፍት ነበር። ያም ቀርቶ የቀበሌ ኪነት ልጆች ከበሯቸውን ይዘው ሽቅብ ቁልቁል ይሉ ጀመር።

ባሏ ጋሽ ወርቁ ይባላል፤ እህል መጋዘን ሚዛን ላይ ነበር የሚሠራው። ባርኔጣ የማይለየው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። ክፉ ነበር ብል ምላሴ ይቆረጥ። ለእህቴ ከአቦምሳ በሚመጣ መኪና ብርቱካን ያስጭንላት ነበር፤ አሰላ ላይ ብርቱካን የምትበላ ሌላ ሴት አላውቅም። ወሩ ሲደርስባት ደግሞ የሚያስታምማት እሱ ነው። ጡብ እሳት ውስጥ ከትቶ ያግልና በጨርቅ ጠቅልሎ ሆዷ ላይ ያደርግላታል፤ ሲቀዘቅዝ ሌላ ያመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ወሩ ሲደርስባት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያላየ ሰው አይገባውም። ሴት ሁሉ ትንሽ ይቆርጣታል፣ ዝንጅብል ትጠጣለች፣ ያልፋል። የጽጌ ግን ሌላ ነበር። ያቺ መርፌ በአፏ ይዛ የምታንጎራጉር ሴት መሬት ላይ ተጠቅልላ፣ የጋቢውን ጫፍ ነክሳ፣ ላብ በላብ ሆና ታቃስታለች። ጎረቤት እንዳይሰማ እኮ ነው የምትነክሰው! ደሟም ማባሪያ የለው። እናታችን ጤና አዳም አሸች፣ ፌጦ በጠበጠች፣ ጠበል አስጠመቀቻት፣ ወገሻ አምጥታ አሳሸቻት። ሐኪም ቤትም ሄዳለች፤ ክኒን ሰጥተው ሸኟት። ሁሉም፣ ወገሻውም ሐኪሙም እናቴም፣ የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ "ስትወልጂ ይለቅሻል።" ልጅ ግን አልመጣም። የሁሩታዋ አማቷ በመጣች ቁጥር ሆዷን እያየች "ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው?" ትላለች። ስትወልጂ ይለቅሻል ሲሏት፣ እንዳትወልድ የያዛት ያው ራሱ ሊሆን እንደሚችል ለማን ይታየው?

እንግዲህ በዚያ ላይ ስብሰባ መጣ። ዘመኑ የስብሰባ ነበር፤ የሴቶች ማኅበር፣ የወጣት ማኅበር፣ የቀበሌ፣ የልማት ዘመቻ። መቅረት ደግሞ ጨዋታ አልነበረም፤ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያገኘው ስብሰባ የመጣ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ቱፋ ይባላል፤ ከዚያ በፊት ጋሪ ነጂ ነበር፣ እናቱንም ቤቱንም እናውቃለን። ወንበሩ ላይ ሲወጣ ግን ዓይኑ ተለወጠ። "ልብስ ሰፊዋ ጽጌ በየወሩ ጠብቃ አንድ ጊዜ ትጠፋለች" ማለት ጀመረ። በየወሩ የሚገናኙት ደግሞ እነማን ናቸው? የኅቡዕ ሰዎች! አናርኪስት የሚባል ቃል ነበር ያኔ፤ አንዴ ከተለጠፈብሽ አለቀልሽ፣ ወደ ላይ ትላኪያለሽ። ከሰፈራችን ወደ ላይ ከተላኩት የተመለሰ አላየሁም።

ነገሩን ያባባሰው ጥቅሉ ነው። ዛሬ ሞዴስ በየሱቁ በር እንደ ብስኩት ተደርድሮ ይሸጣል፤ ያኔ አሮጌ አቡጀዲ ነበር የሴት መላ። ታጥቢዋለሽ፣ ታደርቂዋለሽ፣ መልሰሽ ትይዥዋለሽ። የጽጌ ግቢ የኪራይ ግቢ ነው፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ፣ ብዙ ዓይን። የእሷ ጨርቅ ደግሞ ከሌላው ሴት እጥፍ ነበር። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ ጨርቋን ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ነጠላዋ ሥር ደብቃ ከጭላሎ ወደሚወርደው ወንዝ ትሄዳለች። እዚያ ታጥበዋለች፤ የቻለችውን ያህል ቁጥቋጦ ላይ አስጥታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ የቀረውን መልሳ ጠቅልላ ትመለሳለች። አንድ አብዮት ጠባቂ፣ ሙላት የሚባል የሰፈራችን ልጅ፣ ከሩቅ አያት። ሴት ልጅ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሰዓት፣ የታሰረ ጥቅል ይዛ፣ እየተገላመጠች ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ! "ወረቀት እየበተነች ነው" ብሎ ሮጠ።

መንገድ ላይ ያዟት። እዚያው ቢፈቱት ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሷ ግን "እባካችሁ አትፍቱት፣ ግደሉኝና አትፍቱት" ብላ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቀፈች። ከዚህ ወዲያ ማን ያምናታል? ጓድ ቱፋም "አይነካ! ማስረጃ ነው፤ በሕዝብ ፊት ይፈታል" አለ። የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፉባት። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። ወደ ጋሽ ወርቁ ሄድኩ፤ ትምህርት ቤት እማር የነበርኩ ልጅ ነኝ፣ አፍ አለኝ። "ሄደህ ንገራቸዋ! ታማ ነው በላቸዋ!" አልኩት። ባርኔጣውን እያዟዟረ "እታገኝ፣ እኔ ወንድ ነኝ። ምን ብዬ ነው የምናገረው?" አለኝ። ሲጨንቀው ይናገራል ብዬ ተመለስኩ።

አዳራሹ የአንድ ባላባት ጎተራ የነበረ ነው፤ ቀይ ቀለም ቀብተውት፣ መፈክር ጽፈውበት፣ ያኔም ገና ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። በማግሥቱ የጥሪው ጡሩምባ ተነፋና ሰፈሩ በሙሉ ገባ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። እኔና እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ ከጎረቤታችን ከአደ ሺቱ ጎን ቆምን። አደ ሺቱ፣ 'አደ' እንደኛ 'እመት' ማለት ነው፣ ወተት የምትሸጥልን የአርሲ ኦሮሞ ሴት ናት፤ ከጓሯችን ጀርባ ነው ቤቷ፣ ጽጌን ሲጠናባት ቅቤ ቀብታ ሆዷን የምታሻት እሷ ነበረች። እህቴን ሁለት ጠመንጃ የያዙ ልጆች አምጥተው ከፊት አቆሟት። ጥቅሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጎበጥ ብላለች፤ ሕመሙ ገና አልለቀቃትም።

"በየወሩ ከስብሰባ የምትጠፊው የት እየሄድሽ ነው?" አላት ጓድ ቱፋ።

"ታምሜ ነው። ቤቴ ነው የምተኛው።"

"ምን ታመሽ?"

ዝም።

"በሽታ እንደ ደመወዝ ወር ጠብቆ ይመጣል እንዴ? ሕዝቡ ይስማ፤ የበሽታሽ ስም ማን ይባላል?"

በዚያ አዳራሽ ያለች ሴት ሁሉ መልሱ ገብቷታል፤ የእያንዳንዷ ዓይን ግን መሬት መሬት ያያል። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ደግሞስ ስሙ ማን ይባላል? እንኳን እኛ፣ ሐኪሙም አልነገራት። ያን ጊዜ ጓድ ቱፋ ወደ ወንዶቹ ዞሮ "ጓድ ወርቁ፣ ተነስ። ሚስትህን ምንድነው የሚያማት?" አለ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ጡቡን የሚያግለው እሱ፣ የሚጠቀልለው እሱ። ጋሽ ወርቁ ተነሳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ሚስቱን አላያትም፤ የጎኑን ወንዶች አያቸው። ከዚያ "አላውቅም፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለና ተቀመጠ።

አላውቅም! ብዙ ነገር አይቻለሁ በዕድሜዬ፣ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቃል ያስደነገጠኝ ነገር ግን የለም። ዛሬም ድስት እያማሰልኩ ትዝ ሲለኝ ማማሰያዬን እይዝና ቀጥ እላለሁ። ሚስቱ ልትሞት ነው፣ እሱ ደግሞ ወንድ ፊት የሴት ነገር ከሚያወራ አላውቅም አለ። እህቴ ወደ እሱ ዞራ አየችው። አላለቀሰችም። እንደማታውቀው ሰው አየችው፣ በቃ።

"ይፈታ!" አለ ጓድ ቱፋ። ሙላት በሳንጃው ገመዱን በጠሰ፣ ጥቅሉን ገለበጠው። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ እርጥቡ፣ የነጣው፣ ደሙ ያልለቀቀውም። አንዱ ተንሸራትቶ ከመሬት ወደቀ። ኧረ ጉድ! ወንዱ ሁሉ እንደ ታዘዘ አንገቱን ሰበረ። ሙላት ሳንጃውን የሚያደርግበት ጠፋው። እህቴ ነጠላዋን ወደ ላይ ስባ ፊቷን ሸፈነች። ጓድ ቱፋ እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን ያፈረ ሰው ክፉ ነው፤ ያፈረ ባለ ሥልጣን ደግሞ ይብሳል። ጠረጴዛውን መታና "ይህ የጠላት መሸፋፈኛ ነው! ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፋል! ዛሬውኑ ትላክ!" ብሎ ጮኸ። እናቴ እኔ ላይ ወደቀች።

አደ ሺቱ እጄን ጨመደደችኝ። "ኢንታላ፣ ነይ" አለችኝ፤ ልጄ ነይ ማለቷ ነው። እናቴን ለጎረቤት አስይዤ ተከተልኳት። ሩጫዋ የወተት ሻጭ አሮጊት ሩጫ አልነበረም። ቤቷ ገብታ ከአልጋዋ ራስጌ ሲንቄዋን አወጣች። ሲንቄ ማለት የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ከብት አይነዳባትም፣ ሰው አይመታባትም። ሴት ስትበደል ይዛት ትወጣለች፤ ሴቶቹም ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል። ወንድ ልጅ፣ ንጉሥም ይሁን፣ ሲንቄን አይሻገርም። እኛ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ዘር ነን፣ የኛ ወግ አይደለም፤ ከሩቅ እናየው ነበር እንጂ። አደ ሺቱ ደጇ ላይ ቆማ ያን ጩኸት ስትጮኸው ከየአጥሩ ሴት ወጣ። እርጥብ ሣር በአንድ እጅ፣ ሲንቄ በአንድ እጅ። ነገሩን ስትነግራቸው አንዷ "ጽጌ እኮ ሲንቄ የላትም" አለች። አደ ሺቱ ዞር ብላ "እኔ አለኝ" አለቻት። ሌላ ጥያቄ አልመጣም።

አዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ በትሮቻቸውን የበሩ ደፍ ላይ አጋደሙ። አለቀ! ከውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ተዘጋበት። ጠመንጃ የያዙት ልጆች ወደ በሩ መጡና እናቶቻቸውን አዩ፤ ሲንቄዎቹንም አዩ፤ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አደ ሺቱ ከደፉ ማዶ ቆማ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጀመረች።

"ቱፋ! ስም ፈለግክ? እኔ ነግርሃለሁ። የወር አበባ ነው! ሰማህ? የወር አበባ! ያ ረቢ፣ አንተ ከየት ወጣህ? ከድንጋይ ነው? እዚህ ያለ ወንድ ሁሉ ከዚህ ደም አይደለም የወጣ? ይቺን ልጅ እኔ አሽቻለሁ፣ በእጄ አሽቻለሁ፤ ሆዷ ውስጥ እሳት አለ። እሳቱን ማን እንዳነደደ እኔ አላውቅም፣ አላህ ያውቃል። ሌባ አይደለችም። ወረቀት የላትም። ጨርቅ ነው ያላት፤ እናትህም ነበራት፣ አጥባዋለች። ጠይቃት፣ ይቻት!"

ወደ ጎን አለች። የጓድ ቱፋ እናት ከሴቶቹ መሀል ሲንቄዋን ይዛ ቆማ ነበር። ልጇን ትክ ብላ ታየዋለች። ሰውዬው ያን ወግ በየስብሰባው "ኋላ ቀር ባህል" ሲል የኖረ ሰው ነው። ቆመ፣ ቆመ፣ ላቡ ወረደ። ወንዶቹ አልጋፉትም፣ አልረዱትም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን እያየ "ትሂድ" አለ። እህቴ ጨርቆቿን አንድ በአንድ ራሷ ለቀመቻቸው፤ መሬት የወደቀውን ጎንበስ ብላ አነሳች። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ከፍ አደረጉላትና ከሥሩ አለፈች።

ጋሽ ወርቁ ቤት አልተመለሰችም። በዚያው ቀን ጋሪ ተከራይታ የስፌት መኪናዋን ጭና እናታችን ቤት መጣች። እሱ ብዙ ቀን መጣ፣ ሽማግሌም ላከ፤ "ምን ላድርግ፣ አፍሬ ነው" አለ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋት "እኔን አያውቀኝም፤ በሕዝብ ፊት ተናግሯል" ብላ ዘጋችው። በኋላ አቦምሳ ሄዶ አገባ፣ ልጆችም ወለደ። ይህን ሲሰማ የከተማው አፍ "ያው መካኗ እሷ ነበረች" አለና አረፈ። በዕድሜ ደሙ እስኪቆም ድረስ ሕመሙ በየወሩ መጣባት፤ እዚያው ጓዳ ውስጥ የጋቢ ጫፍ እየነከሰች አሳለፈችው። ስለዚያ ቀን ግን አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔም አንስቼባት አላውቅም። አደ ሺቱ ስትሞት ብቻ ልቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት፤ የነገርኳት በሹክሹክታ ነበር። የጓዳው በር ግን ተከፈተ። ጽጌ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆማለች። ሰምታለች ማለት ነው። ክው አልኩ፣ ሁለተኛዬ።

"እኔ ነኝ" አለቻት ልጅቷን። "ጠይቂኝ።"

ጠየቀቻት። እህቴ ሁሉንም መለሰች፤ ሕመሙን፣ ደሙን፣ ያልመጣውን ልጅ። ልጅቷ ስታዳምጥ ቆየችና "እማማ፣ ሳይመረመር በእርግጥ ይህ ነው ማለት አልችልም። ግን የነገሩኝ በጣም ይመስለዋል። የማሕፀን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፤ በየወሩ እዚያው ሆድ ውስጥ ይደማል። መውጫ የለውም፤ ያቆስላል፣ ያጣብቃል፣ ብዙዎቹንም እንዳይወልዱ ያደርጋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ነው። ዛሬም ምክንያቱ በደንብ አልታወቀም፤ ለዚህ ነው የምንደክመው" አለች።

"ቆይ" አለች እህቴ። እጇ የበሩን እጀታ ይዟል። "በሽታ ነው?"

"በሽታ ነው።"

"ያኔም ስም ነበረው?"

"ነበረው እማማ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል።"

እህቴ ተቀመጠች። ስም ነበረው! እኛ ጎተራ ውስጥ ቆመን ዲዳ ስንሆን፣ አንድ የሆነ አገር፣ አንድ የሆነ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን አልቅሳ ጊዜ አላባከነችም። "ድገሚልኝ" አለቻት። ደገመችላት። "ኢንዶ... ምን?" ልጅቷ እንደ ፊደል አስተማሪ እየከፋፈለች አስጠናቻት፤ እሷም እንደ ተማሪ ተቀበለቻት። ልጅቷ አመስግና ወደ ጎረቤት ስትሄድ ጽጌ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዋን አደረገች።

"ወዴት ነው እትዬ?"

"ስብሰባ" አለችኝ። "የቀረኝ ስብሰባ አለ። ነይ።"

ጋሪ የለም ዛሬ፣ ባጃጅ ነው። አዳራሹ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ ከሥሩ ጎረምሶች ፑል ይጫወታሉ። መንገዱን በሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እያጠናች ነው። የት እንደምንሄድ የገባኝ ቱፋ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ነው። ኧረ እትዬ ተይ ልል አፌን ስከፍት እሷ ገብታለች። ሰውዬው አርጅቷል፤ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያ ይቆጥራል። ሴት ልጁ፣ ሰላሳ ምናምን የሚሆናት፣ በርጩማ አመጣችልን። ጽጌ አልተቀመጠችም።

"ጓድ ሊቀ መንበር" አለችው። "የበሽታሽ ስም ማን ይባላል ብለኸኝ ነበር፣ በሕዝብ ፊት። ያኔ አላወቅሁትም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል።"

አንዲት ፊደል አልሳተችም። መቁጠሪያው ቆመ። ሰውዬው ቀና ብሎ ብዙ አያት። "ጽጌ፣ ልብስ ሰፊዋ" አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "ታምሜ ነው ብለሽ ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

ሰውዬው አንገቱን ደፋ፣ ልክ እንደዚያ ቀን። እኔ የማወርድበት ስድብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ጽጌም "በቃ፣ ይኸው ነው" ብላ ዞረች፣ ወጣን።

በሩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን ጫማ ሰማን። የቱፋ ልጅ ናት፤ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ተከትላናለች። ሁለት ባል አግብታ "ልጅ አልወለደችም" ተብላ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ናት፣ ከተማው ያውቃታል። ፊቷ ገርጥቷል፣ አንድ እጇ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ሆዷን ደግፏል። ወደ አባቷ ግቢ ዞራ አየችና፣ በጣም ቀስ ብላ፣

"እትዬ ጽጌ፣ ማሎ፣ እባክዎ" አለች። "ያሉትን ስም ይድገሙልኝ።"

ክው አልኩ፣ ሦስተኛዬ። እህቴ ግን አልደነገጠችም። ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላትና እጇን ያዘቻት።

"ነይ" አለቻት። "ስሙን ያስጠናችኝ ሐኪሟ ልጅ ገና ከሰፈራችን አልወጣችም።"